የእሜቴ ኦክታቪያ ቤት ሲነሳ

የእሜቴን ሾርባ ይዤ ኮሪደሩን ሳቋርጥ ቤቱ ከነእኔ ከፍ አለ። የጥፍር ውፍረት ያህል ቢሆን ነው፤ ሾርባው ጠብ እንኳ አላለም። ከወለሉ ሥር ስልሳ ወንዶች በአንድ አፍ «ሆ!» አሉ፣ የሁለት መቶ ክሪክ ብሎን ባንድ ጊዜ ሲያቃስት ተሰማ፣ ከዚያ ፀጥ። እኔም ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረግኩት፣ የወለወልኩት፣ የረገምኩት ቤት፣ አሥራ አራት ክፍሉ፣ ሾጣጣው ማማ፣ ባለቀለሙ መስታወት፣ ከነፒያኖው ከነምድጃው ወደ ሰማይ እየሄደ ነው። «የጌታ ያለህ!» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«ኬዚያ! ሾርባዬ ይቀዘቅዛል!» ብለው እሜቴ ኦክታቪያ ከአልጋቸው ጮሁ።

«ቤትዎ እየበረረ ነው እኮ እሜቴ። ሾርባው ቢቀዘቅዝ ምን አለበት?»

«ይብረር። እኔ የዛጎል ሥጋ ሾርባ ትኩሱን ነው የምወደው።»

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በሚያዝያ ከደጃፉ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው፤ ሐኪሙ «ካንቀሳቀሳችኋቸው በእጃችሁ ላይ ይቀራሉ» ብሎናል። እሳቸው ግን ሐኪሙ ባይልም አይወጡም ነበር። «ቤቴ ሲነሳ አብሬው እነሳለሁ» ማለታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሰፈሩም ቢሆን ያው ነው። በዚያ ዓመት የደሴታችን የጋልቨስተን ሰው ቤቱ በክሪክ ላይ ቆሞ ወጡን ይሠራል፣ ልጁን ይወልዳል፣ ከሚስቱም ይጣላል።

ማዕበሉ ደሴቲቱን ከጠረጋት ስድስት ዓመት ሆኗል። የተረፍነው ሰዎች ሁለት ነገር ለማድረግ ተነሳን፤ በባሕሩ ፊት ግንብ መገተርና ከተማዋን ከነቤቷ ከነቤተ ክርስቲያኗ ወደ ላይ ማንሳት። ቤቱ በክሪክ ይነሳል፣ ከሥሩ ከባሕር በቱቦ የተሳበ የአሸዋ ጭቃ ይሞላል፣ በቃ፣ ምድሪቱ ከፍ አለች ማለት ነው። አትክልቱ ሁሉ በጭቃው ሥር ሞተ። ሰው ከቤት ቤት የሚሄደው በእንጨት ርብራብ ላይ ነበር፤ የሰከረ ሰው በየማታው ከርብራቡ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ይገኝ ነበር። «ዕብዶች ናቸው» ያሉን ብዙዎች ናቸው። እኔም ብያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከወለሉ ሥር ዘፈኑን የሚያወጣው ባሌ ፕራይመስ ቶሊቨር ነው። እሱና ጓደኞቹ ጥጥ ጠቅጣቂዎች ነበሩ፤ በመርከብ ሆድ ውስጥ በትልቅ ክሪክ ጥጡን እየገፉ፣ አሥር ጥቅል በሚይዘው ቦታ አሥራ ሦስት የሚያስገቡ። በወደቡ ላይ ከእኛ ከጥቁሮቹ መካከል ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱት እነሱ ነበሩ። «ጥጡ ሲታገልህ ጨምርበት» ይላሉ። ሌላም ሕግ አላቸው፤ ብሎን ወደ ኋላ አይዞርም። ብሎን ወደ ኋላ ያዞረ ቡድን ዓመቱን ሙሉ የወደቡ መሳለቂያ ሆኖ ይከርማል፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ በገበያ ይስቁበታል። ስለዚህ ዘፈናቸው ሁሉ ወደፊት መግፊያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት አራት ክሪክ ይጠብቃል። ፕራይመስ ሁለት ስንኝ ያወጣል፣ ሁሉም «ሆ!» ብሎ ሩብ ዙር ያዞራል፤ ከዚያ በደረቱ እየተሳበ ወደሚቀጥለው ክሪክ ይሄዳል። አንዱ ቀድሞ አንዱ ከዘገየ ቤቱ ይጣመማል፤ የተጣመመ ቤት ደግሞ ከክሪኩ ይንሸራተትና ከሥሩ ያለውን ይጨፈልቃል። የስልሳ ሰው ነፍስ የምትጠበቀው በአንድ ሰው ድምፅ ነው።

«እሜቴ ኦክታቪያ ምን በልተው አደሩ፣
ቤታቸው ከበደ፣ ክሪኮች አማረሩ!»

«ሆ!»

እሜቴ ማንኪያቸውን አቁመው ሰሙ። «ያ ባልሽ ባለጌ ነው» አሉኝ።

«አዎ እሜቴ። ድምፁ ግን ጥሩ ነው።»

«ድምፁማ...» አሉና ሾርባቸውን ቀጠሉ።

እኔም ሥራ ተሰጥቶኛል። የማንሳቱ አለቃ ሚስተር ድሬየር፣ ቀጭኑ ጀርመናዊ፣ በጠዋት በየክፍሉ ወለል ላይ ሰፊ ሳህን አስቀምጦ እስከ አፉ ውሃ ሞላበት። «ውሃው ወደየትኛውም ወገን ከፈሰሰ በመስኮት ጩሂ» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ከሳህን ሳህን ስዞር ዋልኩ። አንድም አልፈሰሰም! ሁለት መቶ ክሪክ ያን ሁሉ ጡብና እንጨት አንድ ክንድ ከመሬት አንስቶ ውሃው ዐይኑን እንኳ አላርገበገበም። በላይኛው ፎቅ መስኮት በኩል የጎረቤቶቹን ጣሪያ አልፌ አየሁ፤ ትናንት ያልነበረ ሰማያዊ መስመር ነበር። ባሕሩ ነው። ፊቴን መለስኩ፤ ባሕሩን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፣ ልቡም አልነበረኝም።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ እሜቴ ክፍል ስመለስ ሳህኑ ፈስሷል።

የእሳቸው ክፍል የሟች ባላቸው የሚስተር ላንድረም ቢሮ ነበር፣ በምድር ቤቱ ደቡብ ማዕዘን። ከማዕበሉ ወዲህ «ደረጃ ይደክመኛል» ብለው የሚተኙት እዚያ ነው። ውሃው ወደ ማዕዘኑ፣ ከግድግዳው ጋር ወደተሠራውና ሁልጊዜ ወደሚቆለፈው ቁም ሣጥን ፈስሶ ምንጣፉን አርሷል። ማዕዘኑ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ጮህኩ።

ሚስተር ድሬየር በርብራቡ ላይ እየሮጠ መጣ። «ከክሪኮቹ ሥር ያለው መሬት ሰምጦ ሊሆን ይችላል» አለና ጎንበስ ብሎ ወደ ሥር ጮኸ። «ፕራይመስ! ደቡብ ማዕዘን ከበደ!»

«ከከበደማ እንጨምርበታለን አለቃ!» የባሌ ድምፅ ነው። «ጎበዞቹን ይዤ እኔው ራሴ እዚያ እገባለሁ። ጥጥ ያልበገረንን ሰዎች የእሜቴ ጓዳ ሊበግረን?»

ሳቁ። ከሥራችን ስልሳ ሰው ሲስቅ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«ሆ!»

አንድ ነገር ጮኸ። ከሥር አይደለም፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። የተወጠረ ክር በጣት ሲመታ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ፣ ግን ወፍራም፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ። እሜቴን አየኋቸው። ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ነፋስ ነው።»

«የምን ነፋስ? ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።»

«ነፋስ ነው አልኩሽ!»

«ሆ!» አሉ ከሥር። ድምፁ እንደገና መጣ፣ አሁን ከፍ ብሎ። ከጣሪያው ኖራ ረገፈ፣ ከመስኮቱ አንዱ መስታወት ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከማዕዘኑ ሥር የባሌ ድምፅ «ጨምሩበት! ጨምሩበት!» ይላል። ልክ እንደ ጥጡ። ሲታገላቸው ይጨምሩበታል፤ ሌላ ነገር መቼ ተማሩና!

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በአንገታቸው ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፤ የሟቹን ልብስ ያስቀመጡበት ይመስለኝ ነበር። ወደ አልጋው ተጠጋሁ።

«እሜቴ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«እዚያ ውስጥ ምንም የለም።»

«ባሌ ከዚያ ማዕዘን ሥር በደረቱ ተኝቷል እሜቴ። ከሰጡኝ ይስጡኝ፣ ካልሰጡኝ ከአንገትዎ በጥሼ እወስዳለሁ። ከዚያ ያባርሩኝ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።  እሳቸው ራሳቸውን ቀና አድርገው ቁልፉን በገዛ እጃቸው አወለቁ።

ከፈትኩት። ልብስ የለም። ከወለሉ መካከል በመጥረቢያ የተበሳ ጉድጓድ አለ። እሱን አውቀዋለሁ፤ በማዕበሉ ሌሊት እሜቴ ራሳቸው የበሱት ነው። ከሥር ውሃ ሲሞላበት የእንጨት ቤት እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ወለሉን በስተህ ውሃውን ካላስገባህ አይቀመጥልህም፤ ይህን የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሜቴ የዚያን ሌሊት መጥረቢያ ይዘው ቤታቸው ሊጠለል የገባውን ሰማንያ ሰው ያተረፉ ሴት ናቸው። ቄሱ በስብከት «ያልተንቀጠቀጠችው» ብለው አመስግነዋቸዋል። ያላወቅኩት ግን በጉድጓዱ በኩል ያለፈውን ነው። የመርከብ ሰንሰለት! ቀለበቱ የክንዴን ያህል ይወፍራል። ላይኛው ጫፉ በወለሉ ሁለት ወፍራም አግዳሚዎች ላይ በተጋደመ ጠፍጣፋ ብረት ላይ በአንድ ካስማ ተይዟል፤ ታችኛው ጫፍ በቱቦ ውስጥ ወደ መሬት ይወርዳል። ተወጥሯል። እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ምን አደረጉ?» አልኩ። «እሜቴ፣ ምን አደረጉ?»

«ከማዕበሉ በኋላ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «አንቺ ልጅሽን ልትፈልጊ በሄድሽበት ሳምንት። የኖርዌይ መርከብ አንጥረኛ አመጣሁ። የአሮጌ መርከብ መልሕቅ የሦስት ሰው ቁመት ያህል ጥልቅ ቀበረልኝ። ሰንሰለቱን በቱቦ አለበሰው፣ ሰው የውሃ ቱቦ እንዲመስለው። በሳምንቱ መርከቡ ሄደ። ነገ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ስል... ጠዋትም ልነግራቸው ነበር። እንደሚበጠስ ተስፋ አደረግኩ። ኬዚያ፣ ለማንም አትንገሪ። ‹ላላ አድርጉ፣ ማዕዘኑን ተዉት› በያቸው። ሌላ ነገር አትበያቸው።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዴ ተኛሁና ጮህኩ። «ፕራይመስ! አቁሙ! አቁሙ! ቤቱ ታስሯል!»

ዘፈኑ ተቋረጠ። በሰንሰለቱና በጉድጓዱ አፍ መካከል ባለው ስንጥቅ በኩል ጭቃ የለበሰ ፊቱ ታየኝ፤ ዐይኑ ብቻ ነጭ።

«ምን አልሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ሰንሰለት አለ! መልሕቅ ነው የምትጎትቱት!»

ሚስተር ድሬየር በጭቃ ጫማው ምንጣፉን እያበላሸ ገባ። ወደ ቁም ሣጥኑ አየ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

«ይህን ማን አደረገ?»

እኔ ነኝ ልል ምንም አልቀረኝም፤ አሮጊቷ አሳዘኑኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«እኔ ነኝ ሚስተር ድሬየር። ፈርቼ ነው። የዚያን ሌሊት ሰው ሁሉ ያላየብኝን ፍርሃት ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ፈርቼዋለሁ። ቤቱ ይሄድብኛል ብዬ አሰርኩት። አሁን የፈለግከውን በለኝ።»

 ድሬየር ሰንሰለቱን በጣቱ ጫፍ ነካና እጁን ቶሎ መለሰ። «እንዲህ እንደተወጠረ ብንቆርጠው ማዕዘኑ ተፈናጥሮ ከክሪኮቹ ላይ ይወጣል» አለ። «ሰዎቹን እናውጣ ብንል ደግሞ ሲሳቡ አንዱ አንዱን ክሪክ መንካቱ አይቀርም። መላው አንድ ነው። ቤቱ በሙሉ፣ ሁለት መቶው ክሪክ በአንድነት፣ ሩብ ዙር ወደ ታች ይውረድ። ከዚያ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ካስማው ይመታል።»

በጉድጓዱ በኩል ይህንኑ ነገራቸው።

«ወደ ኋላ?» አለ አንድ ድምፅ።

«ወደ ኋላ።»

«አለቃ፣» አለ ፕራይመስ፣ «ወደ ኋላ የሚሆን ዘፈን እኮ የለንም።»

«በቁጥር እናድርገው። ሦስት ስል!»

ቆጠረ። ጭቃ የሚተፋው ማሽን ጩኸት ድምፁን በላው፤ የቀረቡት ሰሙ፣ የራቁት አልሰሙም። ግማሹ አዞረ፣ ግማሹ ዘገየ። ቤቱ ተንገጫገጨ። ከላይኛው ፎቅ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፣ ፒያኖው ሰው ሳይነካው ጮኸ፣ ከሥር አንድ ሰው «እጄን! እጄን!» አለ። እሜቴ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ወለሉን በጥፍሬ ይዤ ነበር፤ ወለሉ የሚያዝ ይመስል።

«ማንም እንዳይነካ!» አለ ድሬየር። የተጎዳው ሰው ጣቱ ብቻ እንደሆነ ተነገረን።

ከዚያ ከሥር አንድ ሽማግሌ፣ ድምፁን ብቻ የሰማሁት፣ እንዲህ አለ። «ወደ ታች የሚሆን አንድ ዘፈን አለን። ሁላችንም እናውቀዋለን።»

እኔም ወዲያው ገባኝ። እኛ በዘፈን ወደ ታች የምናወርደው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የሬሳ ሣጥን። ገመዱን አራት ሰው ይዞ፣ አውጪው እያዜመ፣ በየስንኙ አንድ ጭብጥ እየለቀቁ።

ያን ዘፈን በወደቡ ከባሌ የተሻለ የሚያወጣው አልነበረም። ከማዕበሉ ወዲህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላወጣውም። ስንት ቀብር ለመኑት፣ የገዛ ወንድሙን ቀብር ሳይቀር። ልጃችን ኮራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የዚያን ቀን በባሕሩ ዳር ከፕራይመስ እናት ዘንድ ነበረች። እኔ በጊዜ ሄጄ ላመጣት ነበር። እሜቴ «ምንጣፎቹን ወደ ላይ አውጪና ትሄጃለሽ» አሉኝ። አወጣሁ። ሳወጣ ውሃው ደጃፉን ዘግቷል። ይህ ነው ነገሩ፣ ከዚህ የረዘመ አይደለም። በማግስቱ ወታደሮች ፕራይመስንና ጓደኞቹን በጠመንጃ አፈሙዝ አስገድደው ሬሳ አስጫኗቸው፤ ወደ ባሕር ወስደው እንዲጥሉ። የያንዳንዷን ትንሽ ልጅ ፊት እየገለጠ አየ። ኮራ አልነበረችም። እኔም ከዚህ ቤት ያልለቀቅኩት ለእሜቴ ብዬ አይደለም። ልጄ ብትመጣ የምታውቀው ቤት ይሄ ነው ብዬ ነው። ዕብድ በሉኝ።

ፊቴን ወደ ስንጥቁ አስጠጋሁ። ዐይን ለዐይን ተያየን፤ በመካከላችን ሰንሰለቱ ያቃስታል።

«ፕራይመስ።»

«አትጠይቂኝ።»

«ቤቱ ረጅም ጊዜ አይቆምም።»

«ኬዚያ፣ ያንን ለማንም አላወጣም ብያለሁ። እሷን ሳልቀብር ለማን? ለእሜቴ ቤት? ምንጣፍ ላወጣሽበት ቤት?»

እሜቴ ሰሙ። መስማታቸውን አውቃለሁ፣ ትንፋሻቸው ተቋርጧልና። ለእሳቸው ግን ጊዜ አልነበረኝም።

«እንግዲያ ዛሬ እንቅበራት» አልኩት። «ስድስት ዓመት እኔ በር በሩን ሳይ፣ አንተ አፍህን ዘግተህ። በቃን። ከጎንህ ስልሳ ሰው አለ፤ ሳይቀብረው የቀረ ሰው የሌለው ካለ አንተ ንገረኝ። እንቅበራት፣ ፕራይመስ።»

ዐይኑን ዘጋ። ጭቃው ላይ ሁለት መስመር ወረደ። አይሆንም አልኩ በልቤ። ከዚያ ዘፈኑ መጣ። ድምፁን አላውቀውም፣ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ሻግቷል፤ በመጀመሪያው ቃል ተሰበረ፣ በሁለተኛው ጠና።

«ቀስ አድርጉ፣ ቀስ አድርጉ፣ አላሉት ገመዱን፣
ጨርሳለች ልጃችን አጭሩን መንገዱን።»

ዘፈኑ «ረጅም መንገዱን» ነው የሚለው። እሱ አጭሩን አለ።

ስልሳው ሰው ተቀበለው። «ሆ!» አይደለም በዚህ ዘፈን፤ ረዘም ያለ፣ ዝቅ ያለ «እ-ህ-ም» ነው፣ አፍ ሳይከፈት። ከጓዳው ሥር፣ ከሳሎኑ ሥር፣ ከደረጃው ሥር፣ ከየአቅጣጫው መጣ። ቤቱ በሙሉ ያዜማል ብላችሁ አጋነነች ትሉኝ ይሆናል። እዚያ ነበርኩ፤ እጄ ወለሉ ላይ ነበር፣ እንጨቱ ያዜም ነበር። እያንዳንዱ ሰው ደግሞ በመሃል የራሱን ሟች ስም ነበር የሚያወርደው፤ «እናታችን» ሲል የሰማሁት አለ፣ «ወንድማችን» ሲል የሰማሁት አለ፣ ሦስት ስም አከታትሎ የጠራም አለ። ሚስተር ድሬየር ባርኔጣውን በደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ሁለት ወንዶች ልጆቹ በማዕበሉ እንደሄዱ የሰማሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ሁለት መቶ ክሪክ ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ። አንዱም አልዘገየም። ወርዶ ሲያበቃ አልተሰማንም፤ ያየሁት ሰንሰለቱን ነው። መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ቀለበቶቹ ቀስ ብለው ጎናቸውን ጣሉ።

«አሁን!» አለ ድሬየር።

በእጄ የገባው ልብስ መተኮሻው ነው፤ ከሰል የሚበላው፣ ከባዱ። ካስማውን መታሁት። አልወጣም። «ለምንጣፉ!» ብዬ መታሁት፣ ጮክ ብዬ፤ አላፈርኩም። ሦስተኛው ላይ ካስማው ተወርውሮ ግድግዳውን መታ፣ ሰንሰለቱ በቱቦው ውስጥ እያጓራ ወደ መሬት ወረደ። ቤቱ ከእግሬ ሥር ትንፋሹን ለቀቀ። እኔም ለቀቅኩ።

«ቀጥሉ!» አለ ድሬየር። «እንዳለ ሊቆም አይችልም፣ ወዲያው እናንሳው። ፕራይመስ! ዘፈን!»

ከሥር የሽማግሌው ድምፅ መለሰ። «ድምፅ የለውም አለቃ። እያለቀሰ ነው።»

«ሌላ ሰው ያውጣ!»

«ሁላችንም ያው ነን።»

በሕይወቴ ሴት ለጥጥ ጠቅጣቂ ዘፈን ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቢሰሙ ኖሮ ሥራ ጥለው ይወጡ ነበር። እኔ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበርኩ፤ ድምፄ በዚያ በኩል ወደ ሁሉም ይደርሳል። ጉሮሮዬን ጠረግኩና አወጣሁት።

«ምነው ዝም አላችሁ የጭቃ ላይ ወንዶች፣
ቤትስ አይነሳም ወይ ሲዘፍኑ ሴቶች?»

አንዱ ሳቀ፣ በእንባው ውስጥ ሆኖ፤ ከዚያ ሁሉም።

«ሆ!»

ማዕዘኑ ተነሳ። ስድስት ዓመት ታስሮ የኖረው ያ ክፍል፣ ከነአልጋው፣ ከነቁም ሣጥኑ፣ ከሌሎቹ አሥራ ሦስት ክፍሎች ጋር እኩል፣ ያለ ምንም ድምፅ ተነሳ። ሁለተኛ ስንኝ አወጣሁ፣ ሦስተኛ አወጣሁ። በየስንኙ ያ ሁሉ ቤት በእኔ ቃል ከፍ ይላል። በመስኮቱ በኩል፣ በጎረቤት ቤቶች መሐል፣ ሰማያዊው መስመር እዚህም ብቅ አለ፣ ሰፋ፤ ባሕሩ ከግንቡ ማዶ ተኝቷል። ዐይኔን አልመለስኩም።

«ኬዚያ» አሉ እሜቴ ከኋላዬ፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ። «ያን ቀን... ምንጣፎቹን...»

«ኋላ ይነግሩኛል እሜቴ» አልኩ፣ ከጉድጓዱ ሳልነሳ። «ኋላ እሰማዎታለሁ፣ ሁሉንም እሰማዎታለሁ። አሁን ዝም ብለው ከቤትዎ ጋር ይነሱ።»

ዝም ብለውም ተነሱ።